ያልገባችው ተሳፋሪ

እናቴ ሳትከፍል ተሳፍራለች ተብላ በተያዘችበት ጠዋት፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ጥቂት እርምጃ ከኋላዋ እከተላት ነበር። ውላችን እንደዚያ ነበር። ዊልቸሯ አይገፋም፣ ምክር አይሰጣትም፣ መንገድ የዘጋባት ሰው «ዞር በል» አይባልላትም። ውሉን ያወጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነው የምለው። መድኃኒት ቤት ስላለው ይሁን ወይም በተፈጥሮው አላውቅም፣ ነገር ሁሉ ተመዝኖና ተለክቶ ካልቀረበለት አይዋጥለትም።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። መሃል ከተማ፣ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው መውጫ ፊት ለፊት፣ ከሸሪኳ ጋር የያዘቻት ጠባብ ሱቅ አለች። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ወገቡ የሰፋ ቀሚስ ታጠባለች። ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ሲላት፣ የስፌት መኪናዋን መርገጫ ከወለል አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና በክርኗ እየተጫነች ትሰፋ ጀመር። ደንበኞቿ መጀመሪያ አዘኑላት። ኋላ ግን ስፌቷ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ መሆኑን ሲያዩ ማዘኑን ትተው በዋጋ ይከራከሯት ጀመር። እማዬ የዳነችው ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ጠዋት ማታ በመኪናው የሚያመላልሳት ጋሼ ነው። ዊልቸሩን እያጠፈ ሲጭንና ሲያወርድ ወገቡ ተቆረጠ፤ መድኃኒት ቤቱ አርፍዶ እየተከፈተ ደንበኛ ሸሸው። በመድከሙ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ባመጣው መፍትሔ ነው። ሱቁን ተዪው፣ እኔ ቤት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ፣ የስፌት መኪናሽንም እዚያ አስገባልሻለሁ ይላታል። እማዬ ወይ ፍንክች። «ፀሐይ ላይ የሚሰጣው እህል ነው» ብላ ትመልስለታለች። ሲብስበት ደግሞ «መርሳት ጀምረሻል» ይላትና ምድጃ ሳታጠፋ የወጣችበትን ቀን ያነሳባታል። ያን ጊዜ ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ከዚያ የሰፈራችን ጣቢያ ሊፍት አለቀ። ስንት ዓመት በጣውላ ታጥሮ፣ «ለምቾትዎ እየሠራን ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ጽሑፉ ራሱ በፀሐይ ነጥቶ የቆየ ሊፍት ነው። እማዬ ጣውላው በተነሳ ማግስት «ከእንግዲህ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች። ጋሼም ፍርዱን ሰጠ። አንድ ቀን፣ ከሁለታችንም ልጆቿ ምንም እርዳታ ሳታገኝ፣ ሱቁ ከሚከፈትበት ከአራት ሰዓት በፊት መሃል ከተማ ከደረሰች ዳግመኛ ቃል አይተነፍስም። ካልደረሰች ግን የስፌት መኪናው ቅዳሜ እሱ ቤት ይገባል። ተሸካሚውን ሳይቀር አነጋግሮ ጨርሷል። እኔ ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ተከታይና ምስክር ተባልኩ።

ሥራዬ የመብራት ኃይል ደንበኞችን ስልክ ማንሳት ነው። ሰው መብራቱ ጠፍቶበት ሲጮህብኝ «እናዝናለን» እላለሁ። ትዕግሥቴን እዚያ በደመወዝ ሸጬ ስለምጨርስ ለሌላ ቦታ የሚተርፈኝ የለም። ይህን የምናገረው በዚያ ጠዋት እንዴት እንደዋልኩ እንዲገባችሁ ነው።

አጀማመሩ መልካም ነበር። ሊፍቱ ወረደ፣ በሩ ተከፈተ፣ እማዬ እየገፋች ወጣች። ካርዷን ከትርፍ ጨርቅ በሰፋችው ማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። ሰፊው በር ጋ ስትደርስ ካርዷን ወደ ማሽኑ ዘረጋች፤ ቲት አለ፤ በሩ ተከፈተ። ሰፊው በር እንደ ጠባቦቹ ችኩል አይደለም፣ ለመዝጋት ጊዜውን ይወስዳል፤ እኔም ሆስፒታል በምንሄድበት ቀን እንደማደርገው እግር በእግር ተከትያት ገባሁ። እማዬ ዞር ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ቀጥሎ መሳፈሪያው ነው። እዚህ ላይ ነው ደም ሥሬ መገተር የጀመረው። ከበሮቹ ወዲህ ያለው ሊፍት የሚያወርደው ከከተማ የሚመጣው ባቡር በሚቆምበት በኩል ብቻ ነው። ወደ ከተማ በሚሄደው በኩል ያለው ደረጃ ብቻ። ያቀዱት ሰዎች፣ መራመድ የማይችል ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ከቤቱ ይወጣል ብለው አላሰቡም። ስለዚህ እማዬ ወደ ከተማ ለመሄድ መጀመሪያ ከከተማ የሚርቀውን ባቡር መሳፈር አለባት። በሚቀጥለው ጣቢያ ሁለቱም ባቡሮች አንድ መሳፈሪያ ግራና ቀኝ ስለሚቆሙ፣ እዚያ ወርዳ ዞር ብላ ተመልሳ ትመጣለች። የባቡሩ ታሪፍ ደግሞ የሚቆጠረው መሬት ውስጥ በቆዩበት ጊዜ ነው። ሊፍት ነፍገው ያዞሯትን ሴት በመዞሯ መልሰው ያስከፍሏታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

እማዬ ይህን ሁሉ ቀድማ አጥንታዋለች። እንደኔም አልተበሳጨችም። ስፌትም እንዲሁ ነው አለችኝ፤ ጫፉ እንዳይተረተር ከፈለግሽ ትንሽ ወደ ኋላ ትሰፊና ነው ወደ ፊት የምትሄጂው። እኔን ግን ወደ ኋላ የሚሰፋ ባቡር አላማረኝም።

በሚቀጥለው ጣቢያ ከባቡሩ የወረደችው በአንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ እርዳታ ነው፤ ውሉ ልጆቿን እንጂ ባዕድ አይከለክልም። ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር ግን ወለሉ ከመሳፈሪያው ከፍ ይላል፣ መሃሉም ክፍት ነው። አንድ ሠራተኛ የሚዘረጋ ብረት አምጥቶ እንደ ድልድይ ካላነጠፈላት ጎማዋ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ላይ «እርዳታ» የሚል ቁልፍ አለ። ተጫነችው። የሴት ድምፅ መጣ፤ እናዝናለን፣ ሠራተኛ እየመጣ ነው አለች። ክው አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። በቀን ስንት ጊዜ የምለው እኔ ነኝ፤ ስለው ደግሞ ማንም እየመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ። ሌላ መጣ። ሰው ሁሉ ክፍተቱን ሳያየው ይራመደዋል፤ አንዷ እንዲያውም ስልኳ ላይ እየጻፈች ነው የተሻገረችው። ኪሴ ውስጥ ያሉት እጆቼ ተጨብጠው ጥፍሬ መዳፌን ወጋው። አንድ ጊዜ ብገፋት ታልፍ ነበር። እማዬ ግን ቀና ብላ ተቀምጣ የሚያልፈውን ሰው የሱሪ ጫፍ እየተመለከተች፣ የማን ስፌት ሊለቅ እንደደረሰ ትነግረኛለች። በመጨረሻ ሠራተኛው ብረቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አፉን እየጠረገ መጣ። እማዬ መረቀችው። እኔ አልመረቅኩትም።

መሃል ከተማ ስንደርስ ለአራት ሰዓት ገና ነበር። ከመሳፈሪያው ሊፍት ስንወጣ ጋሼ ከበሮቹ ወዲያ ቆሞ አየነው፤ የእጅ ሰዓቱን እያየ፣ መድኃኒት ቤቱን ለረዳቱ ትቶ። እማዬ ስታየው ጎማውን ፈጠን አድርጋ ገፋች። እኔም ሆዴ ሞቅ አለኝ። ሰፊው በር ጋ ደርሳ ካርዷን ዘረጋች።

ማሽኑ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ቀይ በራ። እንደገና ዘረጋች። ቀይ። ካርዱን በቀሚሷ ጠርጋ ዘረጋች። ቀይ።

ተቆጣጣሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ዩኒፎርሙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፣ ክፉ ሰውም አይመስልም። ካርዷን ተቀብሎ በእጁ በያዘው ማንበቢያ አየውና ይህ ካርድ ዛሬ በየትም በኩል አልገባም አላት። እማዬ ገብቻለሁ እንጂ እንዴት እዚህ ተገኘሁ አለችው። እሱም በቃሉ የያዘውን አነበነበላት። ካርድ ሳያስነኩ የሚገቡ ሰዎች ወይ በሩን ይዘላሉ፣ ወይ ከሰው ኋላ ተለጥፈው ይገባሉ፤ ሁለቱም ያስቀጣል።

«ታዲያ እናቴ፣ እርስዎ በየትኛው ነው የገቡት?»

እማዬ እግሯን አየች፣ እሱን አየች።

«መዝለል ብችልማ ልጄ፣ የሊፍታችሁን ደጅ ምን አስጠናኝ?»

ከኋላችን የቆሙት ሳቁ። ተቆጣጣሪው ቀላ፣ ግን ሕጉን አልለቀቀም። ቅጣቱን እዚሁ ለእኔ መክፈል ይችላሉ አለ፤ አልከፍልም ካሉ ግን አቤቱታ የሚቀበለው ያ መስኮት ነው። ወደ ጠቆመው ዞርኩ። መስኮቱ ያለው ከደረጃ በላይ ነው። ከጎኑ ሊፍት የለም፣ ምንም የለም፤ ሰው ሲደገፈው ኖሮ ያብረቀረቀ የእጅ መያዣ ብቻ። ካርዷን ይዘህላት ውጣ አልኩት። በሩን ጥዬ መሄድ አይፈቀድልኝም አለ።

ጋሼ ከወዲያ በኩል ኪሱን መዳሰስ ጀመረ፤ እኔ ልክፈል ነው። እማዬ በእጇ ከለከለችው። ቅጣት የሚከፈለው ላጠፋ ነው፣ እኔ በዕድሜዬ የሰው ጨርቅ እንኳ ቆርጬ አስቀርቼ አላውቅም አለች። ከኋላችን ሻንጣ የሚጎትቱና ሕፃን በጋሪ የሚገፉ ሰዎች በሰፊው በር ማለፍ አቅቷቸው ያጉረመርማሉ። ያን ጊዜ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለበሽተኛ እንደሚናገር ሆኖ ተናገረ።

«እማዬ፣ ረስተሽው ይሆናል። ያጋጥማል እኮ።»

ተቆጣጣሪውም አዎ፣ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል አለ። ይህን ያለው ለደግ ነው። እማዬ ቀኝ እጇን አገላብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ጭኗ ላይ ያስቀመጡባት ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ፣ አስነክቼ ነበር እኮ። አላስነካሁም እንዴ?»

እናቴ የምታውቀውን ነገር ስትጠይቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። «ቲት» ያለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ፤ ከሱ ጋር የራሴ እጅ ታየኝ። ሆስፒታል በምንሄድበት ቀን እማዬ ሁለት እጇ ጎማው ላይ ስለሚሆን፣ ሁለቱንም ካርድ የምይዘው እኔ ነኝ፤ በትከሻዋ በኩል እጄን ሰድጄ አስነካላታለሁ። ዛሬም ካርዷን ስትዘረጋ እጄ ከኪሴ ወጥቶ በዚያው በለመደው መንገድ ቀድሟታል። ቲት ያለው የኔ ካርድ ነው። በተከፈተው በር እሷ ገባች፤ እኔ ደግሞ ለራሴ ያስነካሁ መስሎኝ ተከተልኳት። አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል። የኔ አመል ግን እናቴን መሃል ላይ አስቀራት።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል፣ ነገሩ የማሽን ስህተት ተብሎ፣ ከአንዱ ኪስ ቅጣቱ ተከፍሎ፣ እማዬ ከአራት ሰዓት በፊት ትወጣለች። ብናገር ውሉ ፈረሰ፤ ቅዳሜ የስፌት መኪናው ጋሼ ቤት ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩት፤ አላሰብኩትም አልልም። ግን እጇን ማየት አላቆመችም።

«አስነክተሻል» አልኳት። «እኔ ነኝ የቀደምኩሽ። የኔ ካርድ ነው የተነበበው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሼ ከወዲያ በኩል ሰማ። ተቆጣጣሪው ካርዴን ተቀብሎ አነበበና እውነት ነው፣ ይህኛው ገብቷል፣ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው ነው የገባችሁት አለ። ቅጣቱ ወደ እኔ ዞረ፤ ከፈልኩ። እማዬ እስኪያልቅ ጠበቀችና ጠየቀችኝ።

«እጅሽን የት አድርጊ ተብለሽ ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«እና?»

«ወጣ።»

እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ትልቅ ትንፋሽ አወጣችና ትከሻዋ ወረደ። «እንግዲያው አልረሳሁም» አለች፤ ይህን ያለችው ጋሼን እያየች ነው፣ እሱ ዓይኑን እስኪያነሳ ድረስ። ተቆጣጣሪው በሩን ከፈተላት። ወጣች፤ እኔም በካርዴ ተከትያት ወጣሁ።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ያው እርዳታ ነው እንግዲህ፣ ውላችን ውል ነው አለ። ደስ ብሎት አልነበረም፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ እንደሚያነብ ነበር። እኔ አፌን ልከፍትበት ስል እማዬ ቀደመችኝ። ልክ ነው አለች። ማሽኑም ልክ ነው፤ እኔ ገና አልገባሁም።

ከዚያ ዊልቸሯን አዳራሹ ውስጥ ሰፋ አድርጋ አዞረችና ወደ በሮቹ ተመለሰች። ካርዷን በገዛ እጇ ማሽኑ ላይ አሳርፋ ቲት እስኪል ጠበቀች። አረንጓዴ በራ።

«ይኸው፣ ሰፈር ደርሼ በዚያው በር እንደገና እመጣለሁ» አለች። «ማንም እንዳይከተለኝ።»

የሊፍቱ በር በላይዋ ተዘጋ።

ጋሼ ሮጠ። ግን ካርድ የለውም፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ነው፣ በዚህ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። የካርድ መሸጫው ማሽን ብሩን ሲሰጡት ይውጥና መልሶ ይተፋዋል፤ ጋሼ ብሩን ጭኑ ላይ እያለሰለሰ ደግሞ ደጋግሞ ሲያጎርሰው አየሁት። እኔ ካርድ ነበረኝ። አልተከተልኳትም። ለእጄ ዋስ መሆን አልቻልኩም።

በመጨረሻ ወደ ጎዳናው በሚያወጣው ደረጃ ላይ ተቀመጥን፣ ሁለታችንም። ከዊልቸሯ ብትወድቅስ፣ መጸዳጃ ቢያስፈልጋትስ፣ ስልኳ መሬት ውስጥ አይሠራም እያለ ፍርሃቱን አንድ በአንድ ዘረገፈልኝ። አራት ሰዓት አለፈ። ሸሪኳ ሱቁን ከፍታ ስትጠርግ ከላይ ይሰማናል። መቼ ትመጣለች ብሎ ጠየቀኝ። መንገዱን ነገርኩት፤ ሰፈር ወጥታ እንደገና ትገባለች፣ ከዚያ መጀመሪያ ከከተማ የሚርቀውን ባቡር ትይዛለች፣ ቀጥሎ...

«የሚርቀውን? ለምን?»

ሊፍቱ ወደዚያኛው በኩል ብቻ ስለሆነ አልኩት። ነግራህ አታውቅም እንዴ?

ጋሼ ማሽኑ የተፋውን ብር አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ነግራኛለች» አለ። «ወደ ከተማ ለመሄድ ከከተማ መውጣት አለብኝ አለችኝ። እኔ ተምታቶባት መስሎኝ ነበር።»

ተናደድኩ፤ በሱ፣ በሊፍቱ፣ በዚያች «እናዝናለን» በምትል ሴት፣ ከሁሉ በላይ በራሴ እጅ። እሱ ግን ተነስቶ ወደ ተቆጣጣሪው ሄደና ለምን እንዲህ ተሠራ ብሎ ይከራከረው ጀመር። ጋሼ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ወጣቱ ወደ መስኮቱ ጠቆመው። ጋሼ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ፣ ከመስኮቱ ጋር ተጯጯኸ፣ ወረደ። ምን አሉህ አልኩት። እናዝናለን አሉኝ አለ።

ሊፍቱ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ስንት ሰው አወጣ። በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሳለን፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ይወጣል፣ እንቀመጣለን። የኔ የሥራ ሰዓት ደረሰ፤ ደውዬ አመመኝ አልኩ፤ እውነትም አሞኝ ነበር።

መጣች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ መዳፏ በጎማው ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን ወደ እኛ አላነሳችም። ሰፊው በር ጋ ቆመች፣ ካርዷን ዘረጋች። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቲት አለና አረንጓዴ በራ። ማሽኑ መሬት ውስጥ ለቆየችበት ጊዜ ሁሉ፣ ለዙሩም ጭምር፣ ከሌላው ሰው የበለጠ ቆረጠባት። እማዬ ቁጥሩን አየችው፤ በሩ ተከፍቶ ስለነበር አለፈች።

ጋሼ ፊት ቆመች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ጋሼ የእጅ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የሐኪም ትእዛዝ ላይ አንዲት ጠብታ የማይለውጥ፣ በልጅነታችን ደቂቃ አርፍጄ ስገባ በር የሚዘጋብኝ ወንድሜ ሰዓቱን ረዘም ላለ ጊዜ ሲያየው ቆየ።

«አራት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል» አላት።

እማዬ ከጭንቅላቱ በላይ የተሰቀለውን ትልቁን የአዳራሽ ሰዓት አየች።

«ሰዓትህን አሠራው» አለችው። «ከዚያ በፊት ግን የቅዳሜውን ተሸካሚ ደውለህ ተወው በለው።»

ስልኩን አወጣ። እማዬ ወደ ጎዳናው የሚያወጣው ሊፍት ጋ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች። ሊፍቱ ከላይ ቶሎ አልመጣም፤ ቆመን ጠበቅን። ሳናስበው የሱም የኔም እጅ ወደ ዊልቸሩ መያዣ ተዘርግቶ ተገናኘ።

«እናንተ እግር አላችሁ» አለች ሳትዞር። «በደረጃው ውጡ።»

ወጣን።